ቦራ አገሩን ያሳየበት ቀን

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ከብት አዋቂ ሰው ቢጠየቅ የኔ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ሰው ሲለው ስለምሰማና የሰማሁትን መደበቅ ስለማልወድ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሞጣ ሥጋ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ሥጋ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ደም የሸፈነውን ቃል በራሴ እየሞላሁ ማንበብ ስለለመድኩ፣ ዛሬም ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ሊል የፈለገውን አውቃለሁ። አንድን በሬ ከሩቅ አይቼ ዕድሜውን፣ ምን በልቶ እንደወፈረ፣ ባለቤቱም ታጋሽ ይሁን ቁጡ እናገራለሁ። ደብረ ወርቅ ያሉ አንድ የቅኔ መምህር "አንተ ሞላ፣ ተምረህ ቢሆን ኖሮ ምን ትሆን ነበር?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "ይህንኑ እሆን ነበር፤ ትንሽ ዘግይቼ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሰሞኑን ከግብርና ቢሮ የመጡ ወጣቶች ቢቸና ቤቴ ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። የጮቄ ተራራ የበሬና የጥጃ ሥጋ በአገሩ ስም ሊመዘገብ ነው፤ ሌላ ቦታ ያደገ ከብት በጮቄ ስም እንዳይሸጥ ደንብ ሊወጣለት ነው አሉ። ከመካከላቸው ትዕግሥት የምትባል ቀጭን ልጅ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ "አባባ፣ የቸገረን ማረጋገጫው ነው። አንድ በሬ የጮቄ መሆኑን በምን እናውቃለን?" አለችኝ። ወዲያው ውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። በተከፈተው በር የእርጥብ አፈር ጠረን ገባ። ጉም ታየኝ፣ በጉሙም ውስጥ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቀይ በሬ ሲሄድ ታየኝ።

"ሻያችሁን ጠጡ" አልኳቸው። "ወሬው ረጅም ነው።"

ያን ጊዜ ፂሜ ገና ማጎንቆሉ ነው። በአዘቦት ቀን ሥጋ ቤት ቢላ እስላለሁ፤ በገበያ ቀን ለጌታዬ በሬ እመርጣለሁ። ሁዳዴ ሊገባደድ ተቃርቦ፣ ሰው ለፋሲካ ቅርጫ በሬ የሚፈልግበት ሰሞን ነበር። በዚያ ወቅት ወደ ዓባይ የሚወርደው አገር ሁሉ ደርቆ አቧራ ይሆናል። ጮቄ ግን ሌላ ዓለም ነው። በልጉ ቀድሞ ይጥልለታል፤ ጉሙ ሣሩን ሲልስ ይውላል። እዚያ የተወለደ ጥጃ እናቱን እስኪጠግብ ይጠባል፤ ከዚያ ጓሳና ጦስኝ እየጋጠ ቀስ ብሎ በሬ ይሆናል፤ ማንም አያጣድፈውም። ጮማው እንደ ቅቤ ቢጫ ነው። ሥጋው ሲቆረጥ ከቢላው ላይ የጦስኝ ጠረን ይነሳል። ዓይኔን ጨፍኜ የጮቄን ሥጋ ከሌላው እለይ ነበር። ሞጣ ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ሰው አልገጠመኝም።

ይህን የሥጋ ዝና ጌጡ የሚባል ነጋዴ ደረሰበት። በሬዎቹን ከየት እንደሚያመጣ ማንም አያውቅም። በገበያ ቀን ማለዳ ግን በተራራው መንገድ ቁልቁል እየነዳቸው ይገባል። ቀንዳቸው ላይ ጦስኝ ተሰክቷል፤ ጭራቸው በጤዛ ርሷል። ያየ ሁሉ የጮቄ ናቸው ብሎ ይገዛል። ከዚያ በፊት በነበረው ፋሲካ ከጌጡ የገዙት ቅርጫዎች ጮማው ነጭና ውሃ ውሃ የሚል ሆነባቸው። ታዲያ ጌጡን አልረገሙም። "ጮቄም እንደ ድሮው አይደለም" ነው ያሉት።

አንድ የገበያ ቀን ሞጣ ላይ እሜቴ የውብዳር የሚባሉ ባልቴት ከተራራው ወርደው ቦራ የሚባል በሬያቸውን ይዘው ቆመዋል። ከአጠገባቸው ጌጡ አንድ ጥቁር ሰንጋ ይዟል። አያ ዘገየ የሚባሉ ልብስ ሰፊ፣ የአንድ ቅርጫ ሰብሳቢ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ።

"እሜቴ፣ ይህ በሬ የየት ነው?" አሉ አያ ዘገየ።

"የጮቄ ነዋ።"

"አምናም እንዲሁ ተብዬ ገዝቼ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ጮማ ባየች ቁጥር ዞራ እኔን ታያለች።"

ጌጡ ጣልቃ ገባ። "አያ ዘገየ፣ የሳቸው በሬ የመንገድ ላይ ግዢ ነው። የጮቄን በሬ ከፈለጉ ይኸውልዎት፣ ቀንዱን ያሽትቱት!"

"ቀንዱን ነው እንዴ የምበላው?"

ሰው ሳቀ። አያ ዘገየ ግን ልባቸው ወደ ቦራ ነበር። "እንግዲያው የጮቄ ነው የሚለው ይቅርና እንዲሁ በሬ ነው ብለው ይሽጡልኝ" አሏቸው። እሜቴ የውብዳር ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሽጡላቸዋ፣ ምን ቸገረዎት?" አልኩ እኔ።

ዞር ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ነገሩ አልገባህም። የሠፈሬ ሰው ተማክሯል። ስማችን ገበያ ላይ ካለቀ ሣሩን ለማን ብለን እናስቀምጣለን፣ አርሰን ገብስ እንዘራበታለን ብሏል። እኔ ይዤ የምመለሰውን ወሬ ነው የሚጠብቁት። ቦራ በአገሩ ስም ካልተሸጠ ሣሩ ላይ ሞፈር ይገባል።"

ያንን ሣር አይቼው አላውቅም ነበር። ጠረኑን ብቻ ከቢላዬ ላይ አውቀዋለሁ። ያልደረስኩበት አገር ከእጄ ሊወሰድ ነው መሰለኝ።

ሁለት ሰዎች በአንዲት ላም ሲጣሉ ሽማግሌ ላሟን ይለቃታል፤ የገባችበት ቤት ባለቤቷ ይሆናል። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ሳይሆን የየት እንደሆነ ለማወቅ በሬ መልቀቅን ያሰበ ሰው ግን ከኔ በፊት አልነበረም። ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

"ይለቀቁ!" ብዬ ጮህኩ። "ሁለቱም በሬዎች ይለቀቁ! ለቦራ እኔ ዋስ ነኝ። ወደ ተራራው ካልሄደ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገበያ ማንም አያናግረኝ!"

"አንተ የቢቸና ጎረምሳ፣ ቢላ ስትስል አእምሮህንም ሞረድከው እንዴ?" አለ ጌጡ።

"ሞርጄዋለሁ። እንዳይቆርጥህ።"

ዋርካው ሥር የተቀመጡት የገበያው ሽማግሌዎች ሐሳቡን ወደዱት። ማንም በሬውን አይጥራ፣ ማንም አይምታ፣ ዋሱና ገዢው እስኪቆም ይከተሉት ብለው ፈረዱ። ጌጡ እምቢ ቢል ሊታወቅበት ሆነ፤ የጥቁሩን ገመድ ፈታ።

ጥቁሩ ሰንጋ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። ከዚያ ቀጠሮ እንዳለበት ሰው ፈጠን ፈጠን እያለ ገበያውን ሰንጥቆ ወደ ከተማው ጫፍ አመራ። ገበያተኛው ሁሉ ተከተለው። በሬው አንድ ጠላ ቤት ጓሮ ገባና አፉን እስከ ዓይኑ ድረስ አተላ ውስጥ ነከረ። የጠላ ቤቷ ባለቤት ብቅ ብላ "ጌጡ፣ ይኼኛው ዛሬም አልተሸጠም?" አለች።

አያ ዘገየ ጓሮውን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። "ለካ ጮቄ እዚህ ኖሯል! ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ባውቅ በየማታው እወጣው ነበር።"

ጌጡን ከዚያ በኋላ ያየው አልነበረም። የኔ ልብ ግን ገና አላረፈም፤ ዋስ የሆንኩት ለቦራ ነው። ተመልሰን እሜቴ የውብዳር ገመዱን ሲፈቱ ቦራ ንቅንቅ አላለም። እያመነዠከ ቆመ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በዚያ መሃል ከተራራው በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ቦራ አፍንጫውን ቀና አደረገ፤ ማመንዠኩን ተወ። ከዚያ ማንንም ሳያይ፣ እንደ ድግስ አሳላፊ በዝግታ፣ የተራራውን መንገድ ያዘ።

እሜቴ የውብዳር፣ አያ ዘገየና እኔ ተከተልነው። እስከ ዛሬ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ መንገድ ግን አልሄድኩም። ከኋላችን የመስጊዱ አዛን እየራቀ ሄደ፤ ከፊታችን የአንድ ደብር ደወል ቀስ እያለ ቀረበ። ባሕር ዛፉ አለቀ፤ የታጨደ ማሳ መጣ፤ እሱም አለቀ። ወንዝ ስንደርስ ቦራ ጠጣ፣ እኛም ከሱ በላይ ጎንበስ ብለን ጠጣን። የሚቸኩል የለም፤ የሚናገርም ጥቂት ነው። በሬ መምራት ለምጄ በበሬ መመራት እንግዳ ነገር ሆነብኝ። እግሬ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ እኔ ግን ነቅቼ እንደማልም ሆኜ ነበር።

አያ ዘገየ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ዓይናቸው ከቦራ ዳሌ ላይ አልተነሳም። "እሜቴ፣ በጾም ሰንጋ እያዩ መሄድ ያስኮንን ይሆን?"

"በዓይንዎ ካልበሉት አያስኮንንም።"

"እንግዲያው ከወንዙ ጀምሮ ተኮንኛለሁ።"

ሲመሽ እሜቴ የውብዳር የእህታቸው ልጅ ቤት አሳደሩን። ትኩስ ድንች በአዋዜ በላን፤ ተልባ ጠጣን። ቦራ ደጅ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ጠበቀን። ጎህ ሲቀድ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ጉሙ ዋጠን። አስታው ቁጥቋጦ ተራ በተራ ከነጩ ውስጥ እየወጣ ተመልሶ ይጠፋል። ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች ነጠላ ተከናንበው የቆሙ ሰዎች መሰሉኝ፤ ለአንዱማ "እንደምን አደሩ" ብያለሁ። መሬቱ ለስላሳ ሆነ፤ ከእግሬ ሥር ውሃ ሹክ ይላል። የቦራ ኮቴ ድምፅ ጠፋ። እሜቴም አያ ዘገየም አይታዩም። ብቻዬን ቆምኩ። ያኔ ያ ጠረን መጣ፤ የቢላዬ ጠረን። ያን ሁሉ ጊዜ በቢላ ስቆርጠው የኖርኩት ይህንን አገር ነው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ዕድሜው የሚቆጠርበት አይመስለኝም።

ጉሙ ሲገለጥ ሣሩ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቶ ነበር። ቦራ ከሌሎች ከብቶች መሃል ገብቶ ይግጣል፤ አንዲት ጥጃ አንገቱን ትልሰዋለች። የሠፈሩ ወንዶች ወሬ ሊሰሙ መጡ። አያ ዘገየ ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል።

"እኔ የሞጣው ዘገየ ምስክር ነኝ" አሏቸው። "በሬው ራሱ ነው ያመጣኝ። በአገሩ ስም እገዛዋለሁ። ይህን ሣር የሚያርስ ሰው ካለ ከኔ ጋር ይጣላል፤ ግን መጀመሪያ እግሬ ይዳን።"

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ሽማግሌው "ሞፈሩ ይቆይ" አለ። እሜቴ የውብዳር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ቦራን ልመልስ ገመድ ይዤ ብሄድ አልነቃነቅ አለኝ። ጎተትኩ፣ ለመንኩ፤ እኔን የመሰለ ከብት አዋቂ! "ተወው፣ ይጥገብ" አሉኝ እሜቴ የውብዳር። ፀሐይ ከፍ ስትል ቀስ ብለው በስሙ ጠሩት። መጣ።

ስንወርድ "አያሳዝንዎትም?" አልኳቸው።

"የየት አገር በሬ እንደሆነ ሳይታወቅ ቢሸጥ ነበር የሚያሳዝነኝ" አሉ።

የፋሲካ ዕለት ቦራን የበለትኩት እኔ ነኝ። ጮማው ቢጫ ነበር። የአያ ዘገየ ባለቤት ቀምሳ ባሏን በፍቅር ዓይን ስታይ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሞጣ ገበያ ላይ አንድ ሰው "የጮቄ ነው" ሲል ገዢው "ይለቀቅ!" ይላል፤ ሐሰተኛው ገመዱን ጠቅልሎ ይሄዳል። የሌላ አገር በሬም የጓሮ ጮቄ የሚል ስም ወጣለት።

ወጣቶቹ ሻያቸው ቀዝቅዟል። ትዕግሥት ፈገግ ብላ "አባባ፣ በጣም ያምራል፤ ግን ዛሬ አይሠራም" አለችኝ። "በሬው አሁን በአይሱዙ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ቢለቀቅ መንገዱን አያውቀውም።"

እውነቷን ነው። ሳልናደድ አሰብኩበት፤ ማሰብ ደግሞ አይቸግረኝም። "እንግዲያው በሬውን ትታችሁ ሣሩን መዝግቡ" አልኳት። "የትኛው መስክ እንዳልታረሰ ጻፉ። ስሙ ለዚያ መስክ ከብት ብቻ ይሰጥ። መስኩ የታረሰ ቀን ስሙም ይነሳበት።" ከዚያ ጣቶቿ ላፕቶፑ ላይ መሮጥ ጀመሩ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ዝናቡን እየሰማሁ በሕይወቴ ያደረግኩትን ቆጠርኩ። ከሥጋ መጠቅለያ ላይ ማንበብ ተማርኩ። በአንድ ቃል የገበያ ልማድ አወጣሁ። ለበሬ ዋስ ሆኜ አላፈርኩም። ቢቸና ላይ የራሴን ሥጋ ቤት ከፍቼ የጮቄን ከጮቄ፣ የሌላውን ከሌላ ለይቼ ሰቀልኩ፤ አንድም ቀን አልቀላቀልኩም። ልጆቼን አስተማርኩ። ለደንብ ጻፊዎች የማያውቁትን ነገርኩ፣ ከነሱም የማላውቀውን ሰማሁ። የእሜቴ የውብዳር መስክ ዛሬም አልታረሰም። ባለፈው ጥቅምት በልጅ ልጄ ሞተር ሳይክል ወጥቼ፣ ልብሴ እስኪርስ ድረስ ጋደም ብዬበት ተመልሻለሁ።