የፉርጎው ማጀት

ባሌ ሲያገባኝ ለአባቴ «የመንግሥት ቤት አለኝ» ብሎ ነበር። አልዋሸም፤ የመንግሥት ነው። የብረት ጎማ እንዳለው ግን አልተናገረም። ሐዲድ ጠጋኞች የሚያድሩበት አሮጌ የዕቃ ፉርጎ ነበር። አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ሐዲዱ በተበላሸበት ሁሉ ባቡር ይጎትተናል። እኔ ያደግኩት አሰበ ተፈሪ፣ ነፋሻው ላይ ነው። ሚኤሶ ቆላ ነው፤ ከረፈደ በኋላ የፉርጎው ግድግዳ እጅ አያስነካም።

ሦስት ዓመት እዚያ ውስጥ አበሰልኩ፣ አጠብኩ፣ ጠረግኩ። ውሃም የሚመጣልን በባቡር ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ቦቴው ሲቆም ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ፊት የታጠብንበት ውሃ ዕቃ ያጥባል፣ ዕቃ ያጠበው ወለል ያጥባል። ድስቱም ጭልፋውም ሚስማር ላይ በገመድ ይታሰራል። ባቡሩ ከኋላው ሊቀጥለን ሲመጣ አይናገርማ፤ መጥቶ ይገጨናል። መጀመሪያ ሰሞን ስንት ወጥ ደፍቻለሁ! በኋላ እጄ ራሱ ለመደ። ግጭቱ እንደተሰማ ሁለት እጄ ድስቱ ላይ ነው። ባሌ ያንን እያየ ይስቅብኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እዚህ ቤት መኖር እንዴት ነው ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ታፍኜ ነበር። ሰው ሲያየን የምንጓዝ ይመስለዋል። እኔ አንድም ቦታ ሄጄ አላውቅም፤ የሚሄደው ቤቱ ነው። እኔ እዚያው ከማንደጃው ጋር ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። አንድ መስከረም፣ በደርግ ጊዜ፣ ወንድሜ ከአሰበ ተፈሪ ሰው ላከብኝ። እዚያ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሥራ ተገኝቷል፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልደረስሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለ። ባሌ አልተቃወመም። «ካገኘሽማ ሂጂ፣ እኔ በየቅዳሜው እመጣለሁ» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት እህል አልወርድ አለኝ።

እሑድ ጠዋት፣ ሚኤሶ ቆመን ሳለን፣ ከአፍደም ወዲህ ጎርፍ ሐዲዱን በላው ተባለና ባሌና ጓደኞቹ በትንሿ የሐዲድ መኪና ገሰገሱ። ፉርጎዎቹ ማክሰኞ ይከተላሉ ብለውኛል። እኔ ደግሞ ጫት አራግፎ ወደ ገለምሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና አሰበ ተፈሪ ሊያወርደኝ ተስማምቷል፤ ሰባት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል። ቀሚሴን ተኩሼ ለበስኩ፣ ሻንጣዬን አልጋው ላይ ዘጋሁ። ገና አምስት ሰዓት ነው። ታዲያ እኔ ሞኟ ምን አልኩ? ሰውዬው ማታ ደክሞት ሲመጣ ባዶ ድስት አያገኝም አልኩ። የሁለት ቀን ምስር ወጥ ልሥራለት ብዬ ከሰል አያያዝኩ።

ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ግጭቱ መጣ። ማክሰኞ ያሉት ለካ ለእሑድ ተለውጧል።

ሁለት እጄ ድስቱ ላይ ነበር። ፉርጎው መንቀሳቀስ ጀመረ። ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ ከበሩ ጎን እየሮጠች «ኡታሊ፣ ኡታሊ» ትለኛለች፤ ዝለይ ማለቷ ነው። በሩ ክፍት ነው። ሻንጣው ክንዴን ብዘረጋ የምደርስበት ነው። ባቡሩ ከሴትዮዋ ሩጫ አይፈጥንም። እኔ ድስት ይዤ ቆሜያለሁ። ማንደጃው ሲንሸራተት በእግሬ ደገፍኩት፣ ፍሙ እንዳይበተን። ድስቱን የት ላሳርፈው ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ እግዚኦ፣ ቦታ እመርጣለሁ። ጥግ ላይ በጨርቅ አስደግፌው ቀና ስል ሴትዮዋ ርቃለች፣ ግራሩ በበሩ ፊት ይሮጣል። ያን ጊዜ ብዘል አንገቴን ነበር የምሰብረው።

ያቆሙን ከአፍደም ወዲህ፣ ምድረ በዳ ላይ ነው። የመኪና መንገድ የለም፤ የጎተተን ባቡርም ትንሿ የሐዲድ መኪናም ለሥራው እዚያው ቀሩ። ባሌ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ።

«አልሄድሽም?»

የሆነውን ነገርኩት።

«ከሚኤሶ ሲወጣ እኮ ቀስ ብሎ ነው፤ ሽማግሌ እንኳ ይወርድበታል። ምነው አልዘለልሽም?»

«ወጡ ይደፋ ነበራ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ በራሴ ላይ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም፤ ራሴን በጥፊ ብመታው በወደድኩ። እንጀራ አቀረብኩለት። ጥርግ አድርጎ በላና ምስሩ ግሩም ነው አለኝ።

ቦቴው ስላልተከተለን ውሃ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በተተኮሰው ቀሚሴ ከሐዲዱ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ድስቱን በአሸዋ እፈትግ ነበር።