አልጋ የሚያሳልፍ በር

የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብላ ያለች፣ በግጭት የተቃጠለች አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ እንደገና ስትገነባ፣ ቤቶቹን ከነዋሪው ጋር እየተማከርኩ እንድነድፍ ተላክሁ። ሰዉ አይቶ የሚፈልገውን እንዲነግረኝ በካርቶን የሠራኋቸውን ትንንሽ ቤቶች ዛፍ ጥላ ሥር ደረደርኩ።

እትዬ ዘነቡ የሚባሉ እናት ጎንበስ ብለው አንዱን ቤት አዩና፣ «ይኼ በር አልጋ ያሳልፋል?» አሉኝ።

ደስ አለኝ። በዚያ ሙቀት ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ እንደሚተኛ አውቃለሁ። ወዲያው እርሳሴን አንስቼ ንድፉ ላይ በሩን አሰፋሁላቸው፤ በወንዙ በኩልም ትልቅ በረንዳ ጨመርኩ። «ነፋሱ በዚህ ይመጣል፣ ወንዙን እየሰሙ ይተኛሉ» እያልኩ ብዙ ለፈለፍኩ። አጠገባቸው የቆሙት ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

እትዬ ዘነቡ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«በረንዳው ይቅር ልጄ፣ ሙቀቱን ለምደነዋል» አሉ። «ባለቤቴ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ነበር። ቤቱ ሲቃጠል ልሸከመው አቃተኝ። ከነአልጋው እየጎተትኩ በሩ ድረስ አድርሼው ነበር።»