ለባዮሎጂ ምሩቅ የተገኘ ሥራ

በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። በጅቡቲ ሙቀት ከቡላኦስ እስከ ሄሮን የሥራ ማመልከቻ ሳድል ከርሜ፣ እናቴ እንኳ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ማለቱን ትታለች። በመጨረሻ አንድ ስለ ወባ የሚያጠና ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ።

ኃላፊው ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ዲግሪዬን ሳይገልጡት ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረጉትና፣ «ትንኝ ይወድሃል?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ብዕራቸውን ይዘው መልሴን ይጠብቃሉ።

«በጣም እንጂ! ቤታችን ካርቲየ 7 ቢስ፣ ውሃ የሚተኛበት ሰፈር ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ። እስቲ ሱሪህን ወደ ላይ ሰብስብ።»

ሰበሰብኩ። ጎንበስ ብለው ቅልጥሜን መረመሩ። ለካ ሥራው እግርን ገልጦ መቀመጥ፣ ትንኟ ስታርፍ ሳትነክስ መያዝ፣ ከዚያም ዝርያዋን መለየት ነው። ሦስት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ያጠናሁት ትዝ አለኝና የከረመው ድካሜ ሁሉ ባንዴ ተጫነኝ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለዚህ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው የራሳቸውን ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። እግራቸው ከላይ እስከ ታች በንክሻ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«እኔ ዶክትሬት አለኝ» አሉ።