የተኛው እረኛ

ሐሙስ ሐሙስ ከንፈራቸውን ቀይ ተቀብተው ወደ ልደት ምስሎች ሙዚየማችን የሚመጡ አንዲት አሮጊት አሉ። እዚህ ናፖሊ፣ የቤተልሔምን በረት የሚሠራ ሰው ለሸክላ ምስሎቹ የሚያውቃቸውን ሰዎች መልክ ይሰጣል። የኛን በረት የሠራው ሟች ባላቸውም የራሱን ለተኛው እረኛ፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸውን ደግሞ ለልብስ አጣቢዋ ሰጥቷል። አሮጊቷ ሕፃኑንም ነገሥታቱንም አልፈው፣ ከእረኛው ፊት ለፊት የቆመችው አጣቢ ጋ ይገተራሉ።

«የኔን መልክ ለማን እንደሰጠው ታያለህ? ለዶሮ ሻጯ! ያውም ከጀርባ!»

«እማማ፣ ሸክላ እኮ ናት» አልኳቸው፤ ጥበቃው እኔ ነኝ። «ደግሞ እሱ ተኝቷል፤ አያያትም።»

«ተኝቷል? አርባ ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ፤ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው አፉን ይከፍታል!»

ጎንበስ ብዬ እረኛውን አየሁት። አፉ ግጥም ብሏል።