የጅብ ጆሮ ከካርቶን

እኔ ምክር የምወድ ሰው ነኝ፤ መስጠት ማለቴ ነው። ቀጨኔ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት የስድስት ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ። ዓርብ ከሰዓትን ለተረት የያዝኩትም ለዚሁ ምክር እንዲመቸኝ ነው። ቀበሮዋ ታታልላለች፣ ዝንጀሮው ይሳሳታል፣ ኤሊዋ ቀስ ብላ ትደርሳለች፤ መጨረሻ ላይ እጄን አጣጥፌ «ታዲያ ከዚህ ምን ተማርን?» እላለሁ። ልጆቹ መልሱን ተረቱ ሳይጀመር ያውቁታል። እኔም የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው የአራቱን እንስሳት ተረት ነው። ዝናብ ይጠፋና አገር ይደርቃል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ አለና እንናዘዝ» ይባባላሉ። አንበሳ «በሬ በልቻለሁ» ሲል ሌሎቹ «ታዲያ ይሄ ምን አለበት» ይሉታል። ነብር ፍየል፣ ጅብ በግ መብላታቸውን ሲናገሩም እንደዚያው ይታለፋሉ። አህያ በተራዋ «ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጭቻለሁ» ስትል ግን ሦስቱም «ዝናቡን ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ይጮሁባትና ይበሏታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ አቅም በሌለው ላይ ጥፋት አታላክኩ። ይህንን ትምህርት በየዓመቱ፣ አንዳንዴም ዕንባ እየተናነቀኝ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን ተረቱን በድራማ ልናሳየው ወሰንኩ። ለጅቡ የመረጥኩት አንዲት ቀጭን፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ በሁለት የተጎነጎነ ልጅ ነበረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን ይህ ምንም አልነበረም። የመረጥኳት ለድምጿ ብቻ ነው። «አውውው» ብላ ስትለቀው ጎን ክፍል ያሉት ትንንሾቹ አለቀሱ። ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት በቀጨኔ ቁልቁለት እየጮኸች ወደ ቤቷ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ልጅቷ በወንበሮቹ መሀል ስታልፍ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ሲከድኑ አየሁ። አንዱ በሁለት እጁ ሸፈነው፣ አንዷ ሹራቧ ውስጥ ወሸቀችው። የድራማው ጨዋታ መሰለኝና «ጅቧ መጣች፣ ምሳችሁን ያዙ!» ብዬ አብሬ ሳቅሁ። ያቺን ሳቅ ባስታወስኳት ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትርቅም። ጥፍሮቿ ሥር የደረቀ ጭቃ ነበር፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቅ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ሚስ፣ ልጄን ጅብ አያድርጉብኝ» አለችኝ።

«ኧረ ተረት እኮ ነው!» አልኳት። «ደግሞ ዋናው ሚና ነው። ሌሎቹ ወላጆች ለምን ለእኛ ልጅ አልተሰጠም እያሉኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አያድርጉብኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ስለ ልጆች በራስ መተማመን፣ ስለ ድራማ ጥቅም፣ ወላጅ ልጁን ማበረታታት ስላለበት መንገድ አንድ ሙሉ ንግግር አደረግሁላት። ጨርሼ ቀና ስል «እሺ» ብላ ልጇን በእጇ ይዛ ሄደች። ዓርብ ልጅቷ አልመጣችም። ሰኞም አልመጣችም።

ሰኞ ከሰዓት በሩ ላይ ለጥበቃችን ወላጆች አስቸገሩኝ ብዬ አማረርኩ። ቀጨኔ ተወልደው ያረጁ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት አስተማርሽ?»

«ስምንት።»

«በስምንት ዓመት ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ‹ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል› ብለው ሲያሙት አልሰማሽም? አብሯቸው እንዳይበላ፣ ከልጆቻቸው እንዳይጋባ ያደረጉት በዚህ ወሬ ነው። አሁን ደፍሮ የሚናገረው የለም፤ በየጓዳው ግን አለ። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ‹እንትና ጅብ ሆነች› ሲሉ ያ የጓዳ ወሬ ተነሣ። አንቺ ደግሞ ከላይ ሆነሽ አጨበጨብሽለት።»

ምሳ ዕቃዎቹ ትዝ አሉኝ። እሳቸው የሚቀመጡባት ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ።

ደግሞ ሰምቼ አላውቅም ማለት ውሸት ነው። ልጅ ሆኜ፣ ጳውሎስ አካባቢ ስንኖር፣ እናቴ ድስትና ምጣድ የምትገዛት አንዲት ሴት ነበረች። ሴትየዋ ደጃችን ስትደርስ እናቴ መጀመሪያ ዳቦውን በሰፌድ ትከድናለች፤ ቀጥላ እኔን ወደ ቀሚሷ ጠጋ አድርጋ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች። ከዚያ ፈገግ ብላ «እንደምን ዋልሽ» ትላታለች። እናቴ ደግ ሰው ነበረች፤ ለማኝ ባዶ እጁን ከቤታችን ሄዶ አያውቅም። እኔ ከነጠላው ሥር ሆኜ የሴትየዋን እግር ብቻ ነበር የማየው። ፊቷ ምን እንደሚመስል እስካሁን አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ አንድ የልጅነት ትዝታ ይዤው ስዞር፣ ምን ማለት እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሰውን ሁሉ «ከዚህ ምን ተማርን?» እያልኩ የማስጨንቅ ሴትዮ!

በነጋታው ከትምህርት በኋላ ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። እናትየዋ በጠባቧ ግቢ ውስጥ ለካፌ በረንዳ የሚሆን ትልቅ የአበባ መትከያ እየሠራች ነበር። ልጅቷ ጥግ ላይ በትርፍራፊ ጭቃ ትጫወታለች። ስታየኝ ወደ እኔ ልትሮጥ ብድግ አለችና እናቷን አይታ ተመልሳ ተቀመጠች። ያ አንጀቴን በላው።

«ባለማወቅ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጀመርኩ። ስጀምር መቼም ማቆሚያ የለኝም፤ ይቅርታዬም ንግግር ሆነ። እሷ እጇን ከጭቃው ሳታነሣ ሰማችኝ።

«ባለማወቅዎ ገብቶኛል» አለችኝ። «እኔም ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት ከጎኔ ለመቀመጥ የሚፈቅድ ልጅ ስላጣሁ ነው። ያኔም ልጆች ናቸው፣ አያውቁም ነበር የተባልኩት።»

ዞር ብዬ ልጅቷን አየኋት።

«ሚስ፣ ይቅርታዎን አልጠላሁትም» ብላ ቀጠለች፤ ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ግን ልጄን ጅብ ያሏት በሰው ፊት ነው። ይቅርታውን ጓዳዬ ድረስ ይዘውልኝ መጡ።» የመትከያውን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ዞረችው። «ትምህርቷን አልነጥቃትም፣ ነገ ትመጣለች። እንደኔ ብቻዋን የምትቀመጥ ከሆነ ግን ዳግመኛ አላመጣትም።»

ልጅቷ መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ከጎኗ፣ በዚያች ጉልበቴ አገጬ በሚደርስባት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና «እስቲ አጉርሺኝ» አልኳት። ዳቦ በእንቁላል ነበር። አጎረሰችኝ። ሁሉም እንዲያዩኝ ቀስ ብዬ አላመጥኩ። መጀመሪያ የመጣው ያ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ የሸፈነው ልጅ ነው።

«ሚስ፣ እኔም ልቅመስ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባለቤቷን ጠይቃት።»

ልጅቷ ጥቂት አየችው። እንዳላስታወሰች አልሆነችም። ከዚያ ቆርሳ ሰጠችው፤ እሱም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። በሳምንቱ ከጎኗ ለመቀመጥ ተራ ማስያዝ ነበረብኝ።

ከልጆቹ ጋር ያለው ነገር በዚህ ቀለለ። የከበደኝ መክደን ያስተማሯቸው ትልልቆቹ ናቸው። እናትየዋ ስለ ሰው ፊት ያለችኝ ነገር ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በወላጆች ፊት ማይክ ይዤ ምን እላለሁ? ያንን የቡዳ ስም ጠርቼ ካወገዝኩት፣ የማያውቀው ሁሉ በልጅቷ ስም ሊማረው ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ በሰው ፊት የተሰደበችው ስድብ ያለ መልስ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ንግግር እየጻፍኩ ቀደድኩ። ምክር የማያልቅባት ሴትዮ ሁለት መስመር አቃተኝ። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጅቡን ራሴ ልጫወተው ወሰንኩ። ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምኜ ሁለት ጆሮ ቆረጥኩና በከሰል አጠቆርኳቸው።

ልጅቷን የቱን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።

«አህያ።»

«አህያዋን እኮ መጨረሻ ላይ ይበሏታል።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

በወላጆች ቀን ግቢያችን ውስጥ ሸራ ተወጥሮ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። እናትየዋ መጨረሻው መደዳ ላይ፣ ለበሩ ቅርብ በሆነችው ወንበር ተቀመጠች፤ አንድ ነገር ቢሰማት ብድግ ብላ ለመውጣት የሚመች ቦታ ነው። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይዛለች። ከፕሮግራሙ በኋላ ሁሉም ያመጣውን አንድ ላይ አቅርቦ ይበላል ተብሎ ነበር።

የካርቶን ጆሮዬን አድርጌ ስወጣ ወላጆች ሳቁ። አንበሳው በሬውን፣ ነብሩ ፍየሉን ተናዘዙ። እኔም ጮኼ በጌን ተናዘዝኩ፤ ጩኸቴ ከልጅቷ ጩኸት ጋር አይወዳደርም። የአህያዋ ተራ ደረሰ። ባጠናነው መሠረት «ትንሽ ሣር በላሁ» ብላ አንገቷን ትደፋለች፣ እኛ እንጮሃለን፣ ያልቃል። ጣሳ ውስጥ በቆሎ የያዙት ትንንሾቹ ደግሞ መጨረሻ ላይ እያንቀጫቀጩ ዝናብ ይሆናሉ።

«ትንሽ ሣር በላሁ» አለች። አንገቷን ግን አልደፋችም። «ርቦኝ ነው። አንተ በሬ በልተሃል። አንተ ደግሞ ፍየል። ሣር የአህያ ምግብ ነው። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

አንበሳው አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ። ነብሩ ትንሽ አሰበና «እውነቷን ነው» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት መሳቅ ጀምረው ተዉት። የቀረው መብላት ነው፤ እንዴት ልብላት? ጠጋ አለችኝና በሹክሹክታ፣ ግን ግቢው በሙሉ በሚሰማው በዚያ ድምጿ፣

«ሚስ፣ አሁን ጅቡ ይቅርታ ይጠይቃል» አለችኝ።

ተንበረከክሁ። የጻፍኩትና የቀደድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «አህያዬ» አልኩ፣ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ማንም ምንም ሳያይ በወሬ ነው የፈረድንብሽ። እኔ ደግሞ ስቄብሻለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ አድርጊልኝ።» የመጨረሻውን ስናገር ዓይኔ ከልጅቷ ትከሻ በላይ አልፎ መጨረሻው መደዳ ላይ ነበር። ከወላጆቹ መካከል ጥቂቶች መሬት መሬቱን ሲያዩ ተመለከትኩ። ገብቷቸዋል።

ልጅቷ «እሺ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዝናቦቹ ግራ ገባቸው፤ አህያዋ ካልተበላች ይዝነብ አይዝነብ የነገራቸው የለም። ከመካከላቸው አንዷ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላት፣ አልቻለችም መሰለኝ ጣሳዋን ማንቀጫቀጭ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሸራው ሥር ዝናቡ ወረደ።

ከዚያ ሰዉ ምሳውን ሲያቀርብ እናትየዋ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ምሳ ዕቃዋን መሀል ላይ ከፍታ አስቀመጠች። የማንም እጅ ሌላውን ምግብ ለመክደን አልተንቀሳቀሰም፤ እኚያ ቅድም መሳቅ የጀመሩት አባት እንዲያውም ከእሷ ምሳ ዕቃ ቀድመው አነሡ። እኔ ምን እንደምላት ሳላውቅ አጠገቧ ቆምኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሚስ፣ ጅብነቱስ ለእርስዎ ነው የሚያምረው» አለችኝና ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

ጆሮዬን ሳላወልቅ በላሁ።