አንቱ የተባለች ልጅ

ንጉሡ ደብረ ታቦር ከትመው በነበሩ ጊዜ፣ የስድስት ዓመት ልጄ ዘርፌ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ልብሴን እየጎተተች ስትጮህ ቄሱ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ። አጠገቤ አንዲት ሴት የዘርፌን እኩያ ይዛ ቆማለች፤ ልጅቱ ጭጭ ብላለች። ቀሚሷ ከኔ ነጠላ ይነጣል። ይህንንም ከአስተዳደግ ቆጠርሁት።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሴትዮዋ ልጅቱን "ይምጡ፣ እንሂድ" አለቻት። ልጅቱም ተከተለቻት። እኔም ተከተልኋቸው።

"እቴ፣ እንዲህ ጨዋ ያደረግሻት በምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ። ከተወለዱ ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው።"

ቤቴ ገብቼ "ዘርፌ፣ ይነሡና እግርዎን ይታጠቡ" አልኋት። ማን መጣ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ባሌ ማታ "ይብሉ እንጂ" ስላት ሰምቶ፣ የእንግዳ በቅሎ ታስሮ እንደሆነ ሊያይ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ዘርፌ የአባቷ መደብ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን እግሯን ዘርግታ "እጠቢኝ" አለችኝ። አጠብኋት፤ ምክር ጀምሮ መተው አልወድም።

በሳምንቱ ሴትዮዋን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋትና ምክሯ ቤቴን እንዳፈረሰው ነገርኋት።

"የምን ምክር?" አለች። "የደጃዝማቹን ልጅ አንቺ ልበላቸው ኖሯል? እኔ ሞግዚታቸው ነኝ።"

ይኼኔ ዘርፌ "አንቺ ሴት፣ ነጠላዬን ያዢልኝ" አለችኝ። ያዝሁላት።

ሞግዚቲቱ አየችንና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ያንቺ እመቤትስ የማን ልጅ ናቸው?"