ደብተሩን ይዤ ወደ አርዲቦ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ደሴ

ሐምሌ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ። የሚኒባሱ ረዳት «ሐይቅ፣ ውጫሌ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብተር አለ።

ደብተሩ የኢንጂነር ሙሄ ነው። ሙሄ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ ውሃ ከሐይቅ ወደ ማሳ የሚስብ ፓምፕ ከብስክሌት ፔዳል የሠራ የአርዲቦ ገበሬ ነበር። «ኢንጂነር» ያሉት ያገሩ ሰዎች ናቸው። ሲሞት የቀበሌው ወጣቶች መሥሪያ ክፍሉን ሙዚየም እንዳደረጉለት በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ጥር አባቴን ቀብረን ሣጥኑን ስንከፍት ደብተሩ ከልብሱ ሥር ተገኘ። ሽፋኑ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ «የሙሄ ፈጠራ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ» ይላል። ሙሄ ደብተሩን ሲሰጠው አባቴ ሐይቅ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሳይልከው የቀረው ረስቶት ይሁን ንቆት፣ እናቴም አታውቅም።

2 ሰዓት ከሩብ፤ ሐይቅ

ዝናቡ አላባራም። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ትኩስ ሻይ በፓስቲ ቀምሼ ባጃጅ ጠየቅሁ።

«ሙዚየሙ?» አለ ባለባጃጁ። «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ከሄደበት ቆየ። ግን አብሽር፣ ልጁ ዘይነባ ካለች ትከፍትልዎታለች።»

መንገዱ ድንጋይና ውሃ ነው። ሁለት ቦታ ወርጄ ገፋሁ። ግራና ቀኝ በቆሎ፣ ጫት፣ ባሕር ዛፍ፤ ጆንያ ተከናንበው የሚያርሙ ሴቶች። ከቁልቁለቱ ግርጌ የአርዲቦ ሐይቅ ብቅ አለ፤ አመድ የመሰለ፣ አንዲት ጀልባ የሌለበት።

4 ሰዓት፤ ሙዚየሙ

የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በቀለም የተጻፈ «ሙዚየም»። ወይዘሮ ዘይነባ ሃምሳውን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት። ቁልፉን ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ከፈተችልኝ።

ክዳኑን ጥይት በስቶታል፤ ዝናቡ ጣሳ ውስጥ ይንጠባጠባል። በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ አለ። ከመኪና ማራገቢያ የተሠራ፣ በነፋስ አምፖል የሚያበራ ነገር አለ። መሐል ላይ ፓምፑ ቆሟል፤ ፔዳሉና ሰንሰለቱ ዝጓል።

«ቧንቧውስ?» አልኳት።

«በጦርነቱ ተሰደን ስንመለስ የለም። ማን እንደወሰደው አላህ ይወቅ።»

የጎብኚዎችን መዝገብ ዘረጋችልኝ። ከኔ በፊት የፈረመው ሰው ከመጣ ዓመት አልፎታል።

ፈርሜ ደብተሩን ከላስቲኩ አወጣሁት። የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ የት እንዳገኘነው ነገርኳት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው» አለች።

«የእርስዎ?»

«አባቴ መቼ መጻፍ ያውቅ ነበር! ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። እሱ እየነገረኝ እኔ ስጽፍ ስንት ቀን ሙሉ ዋልን። ከአዲስ አበባ መልስ ሲጠፋ፣ ጽሑፌ አላስነብብ ብሎ ነው አልሁ። እሱም እንደዚያው ያሰበ መሰለኝ። አልተቆጣኝም። ብቻ ከዚያ ወዲያ የሚያጽፈው ሲኖረው ጎረቤት ይጠራ ጀመር።»

ገጹን ገለጠች። ፊደሉ ክብ ክብ ያለ፣ ጥንቅቅ ያለ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት ነው።

«ያምራል» አልሁ።

«አዎ፣ ያምራል» አለች። «ይሄው አሁን አየሁት።»

ደብተሩን እንደያዘች ልትሸኘኝ እስከ ደጃፉ ወጣች። ባለባጃጁ ሞተሩን አስነስቷል። በአገራችን ወግ ለይቅርታ ጎንበስ ብዬ «አፉ ይበሉን፤ እኔንም፣ አባቴንም» አልኳት።

«አንተን አፉ ብያለሁ፣ ልጄ። ምን አጠፋህና? እዚህ ድረስ በዝናብ መጣህ።» ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። «አባትህን አፉ የሚለው ግን አባቴ ነበር። እሱ ደግሞ እየጠበቀ ሞተ።»

10 ሰዓት፤ ደሴ

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አፉ አሉህ?»

«አፉ አሉኝ።»

«አባትህንስ?»

ጎንበስ ብዬ ጭቃ የጠገበ ጫማዬን መፍታት ጀመርሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም።